ቀስ ብሎ መውረድ

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ የማስተምረውም በተወለድኩበት ከተማ፣ በቡታጅራ ነው። በየዓመቱ ስለ ስበት የሚናገረው ምዕራፍ ሲደርስ የማላስቀራት አንዲት ነገር አለችኝ። ቦርሳዬን ከወለሉ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና «ይኼ ቦርሳ አሁን ምን አገኘ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዱ ደፈር ያለ «ምንም፤ ያው ቦርሳ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ሲያዩት ምንም አልተጨመረበትም። ግን ከፍ ብሏል፤ ከፍ ያደረገው ደግሞ የእኔ ክንድ ነው። ክንዴ የደከመው ድካም ቦርሳው ውስጥ ተቀምጧል። ገፋ ባደርገው ይወድቃል፤ ሲወድቅም ያንን ድካም መልሶ ይዘረግፈዋል። መጽሐፉ ፖቴንሺያል ኢነርጂ ይለዋል፤ እኔ እምቅ ጉልበት እለዋለሁ። «ከፍታ ላይ ያለ ነገር ስታዩ» እላቸዋለሁ፣ «መጀመሪያ ማን አወጣው ብላችሁ ጠይቁ።»

ይህችን አባባል መጽሐፍ ላይ አላገኘኋትም። የተማርኳት ወንድሞቼ ለእናታችን ከሠሩላት ቤት ነው።

ወንድሞቼ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም አዲስ አበባ ይነግዳሉ። ታላቅየው የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል። ታናሽየው ከእሱ ሥር ሆኖ ይሠራል፤ የሚያስበውም ከእሱ ሥር ሆኖ ነው። መካከለኛዋ እኔ፣ ሴቷ፣ ያላገባሁት፣ አገር ቤት ቀረሁ። አባታችን ልጆች ሳለን ነው የሞተው። የተወልን ቤት ከአስፋልቱ ብዙ ሳይርቅ በዳገቱ ግርጌ የቆመ የጭቃ ቤት ነበር፤ ቆርቆሮው የዛገ፣ ጓሮው በእንሰት የተሞላ። እናቴ እዚያ ወልዳ፣ አሳድጋ፣ እንሰት ፍቃ፣ ቆጮ ቀብራ ኖረች። ውሃ የምትቀዳበት ቦኖ ከደጇ ጥቂት ራመድ ብሎ ነበር። ጎረቤቶቿ ሲያልፉ በጉራጊኛ እየጮኹ ሰላም ይሏታል፤ እሷም ከውስጥ ሆና በድምፃቸው ታውቃቸዋለች። ምንም አልጎደላትም አልልም፤ ጣሪያው ያፈስ ነበር። የሚያፈስ ጣሪያ ግን ቆርቆሮ ለውጡልኝ ነው የሚለው እንጂ ፎቅ ሥሩልኝ አይልም።

የእኛን ሰው ለማያውቅ ይህን ልንገረው። የእኛ ሰው አዲስ አበባም ይነግድ ሌላ ቦታ፣ ለመስቀል አገሩ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ለእነዚያ ጥቂት ቀናት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መኪናው ቡኢን አልፎ ወደ እኛ ሲቃረብ ሁሉም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የማን ልጅ ለእናቱ ምን እንደሠራ ያያል። አይቶም ዝም አይልም፤ ክትፎው ሲቀርብ ያነሳዋል። «የእነ እገሌ ልጅ ለእናቱ ያቆመውን አያችሁ?» ይባላል። ያልሠራ አንገቱን ይደፋል። ስለዚህ ቤት የሚሠራው ለሚኖርበት ሰው ሳይሆን ከአስፋልቱ ለሚያየው ሰው ነው። ለሚታይ ቤት ደግሞ ከዳገት አናት የተሻለ ቦታ የለም።

ወንድሞቼም ከእንሰቱ በላይ፣ የይዞታችን ጫፍ ላይ፣ የዘቢዳርን ተራራ ጀርባው ያደረገ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ጀመሩ። መሠረቱ ሲቆፈር አይቼ ዝም ብያለሁ። የውሃው ነገር ሲነሳ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። የከተማው ውሃ ማጠራቀሚያ ከእኛ ማዶ ጉብታ ላይ ነው ያለው። ውሃ ደግሞ በቧንቧ ውስጥ ምን ቢጠማዘዝ፣ ምን ወርዶ ቢወጣ፣ ከተነሳበት ከፍታ በላይ በራሱ አይወጣም። ስበት አድልዎ አያውቅም፤ የሀብታም ቧንቧ ነው ብሎ አይራራም።

ለታላቅ ወንድሜ በቃል አልነገርኩትም፤ በዓይኑ እንዲያይ ፈለግሁ። ግንበኞች ግድግዳ የሚያስተካክሉበት፣ ውስጡ ውሃ ያለበት ግልጽ ጎማ አለ። ሁለቱን ጫፎቹን እንደፈለጋችሁ ብታራርቋቸው ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ቁመት ላይ ይቆማል። ጎማውን ተዋስኩና ገና ጣሪያ ያልወጣለት ፎቅ ላይ ወጣሁ። ሁለቱን ጫፎች ወደ ማዶው ጉብታ አንጻር አቁሜ፣ የአንዱን ውሃ ከሌላው ጋር አስተካክዬ በዓይኔ አነጣጠርኩ። ማጠራቀሚያው ከመስመሩ በታች ቁልጭ ብሎ ታየ።

«ጋሼ፣ ና እይ» አልኩት። «ውሃው ያለው ከእግራችን በታች ነው። እዚህ አይወጣም።»

ጎንበስ አለ፤ አየ አላየ አላውቅም። ቀና ብሎ በግንበኞቹ ፊት ሳቀብኝ።

«የኔ እህት፣ አንቺ ተማሪዎችሽን አስተምሪ። ፓምፕ የሚባል ነገር ተፈጥሯል።»

«ፓምፕ የሚገፋው ያለውን ውሃ ነው። መብራቱስ?»

«እህቴ ሳታገባ የቀረችው እኮ ለዚህ ነው!» አለ ለታናሻችን። ታናሻችን እንደ ልማዱ ሳቀ። ግንበኞቹም ሳቁ፤ የቀን ክፍያቸውን ለሚሰጥ ሰው ነው የሚሳቀው። ያን ቀን የውሃ ልኩን ጎማ አጥፌ ስመልስ የተናደድኩት ንዴት እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

ቤቱ አለቀ። ጣሪያው ላይ በብረት እግር የቆመ ትልቅ ጥቁር የውሃ ታንከር ተሰቀለ፤ ከአስፋልቱ ሲታይ በእርግጥ ያስቀናል። በመጀመሪያው መስቀል ውሃ በቦቴ መኪና መጥቶ በሞተር ወደ ላይ ተገፋ። ታንከሩ ሞላ። ወንድሜ ሰው በተሰበሰበበት የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፈተና ውሃው ሲንፏፏ ወደ እኔ ዞረ።

«ወረደ አልወረደም?»

«ወረደ» አልኩት። መውረዱንማ መቼ ካድኩ? እኔ የጠየቅሁት ስለ መውጣቱ ነው።

እናቴ እልል አለች። ይህን ካልተናገርኩ እውነቱን ማጉደል ይሆንብኛል። ጎረቤቶቿ ወጥተው ሴራሚኩን እየዳበሱ «አንቺ የታደልሽ!» ሲሏት ፊቷ ወገግ አለ። ከአዲስ አበባ የመጡ የልጅ ልጆቿን በጉራጊኛ መረቀቻቸው፤ ቋንቋውን የማይሰሙት ልጆች «አሜን፣ አሜን» አሉ። በዓሉ ሲያልፍ መኪኖቹ ተሰልፈው ወረዱ። ታንከሩም በእነሱ ገላ መታጠቢያ ተሟጦ ስለነበር እንግዶቹ በሄዱ ማግስት ቧንቧው አየር ብቻ ተነፈሰ። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ያ ታንከር ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆኖ ቆመ። የሚገርመኝ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ አንድ ሰው እንኳ ጮክ ብሎ አለማውራቱ ነው። እነሱም ልጆቻቸው ከጎን ከጎናችን ዳገቱ ላይ እየሠሩላቸው ነበር።

እናቴ እንደ በፊቱ በአሮጌው ቤት መኖር ትችል ነበር። ግን ፎቅ የሠሩ ልጆች እናት ጭቃ ቤት ማደር ነውር ነው ተባለ። አሮጌው ቤት በወንድሜ ሲሚንቶና ብረት ተሞላ፤ በሩ ተቆለፈ፤ ቁልፉም አዲስ አበባ ሄደ። እሷ ከእኔ ጋር ላይኛው ቤት ማደር ጀመረች፤ ቀኗን ግን የምታሳልፈው ታች እንሰቷ መሃል ነበር። ማዕድ ቤቷም ታች ቀረ፤ የቆጮ ሽታ ለአዲሱ ቤት አይሆንም ያለች የወንድሜ ሚስት ናት። ወደ ማታ ላይ ስትወጣ ከቦኖው የሞላችውን ጀሪካን በጀርባዋ ታዝላለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብቀድማት እነጥቃታለሁ፤ ብዙ ቀን ግን ትቀድመኛለች።

«ለምን ትሸከሚያለሽ? እኔ የለሁም?» እላታለሁ።

«አንቺ ቀኑን ሙሉ ስትጮኺ ውለሽ?» ትለኛለች። ማስተማር ለእሷ መጮኽ ነበር።

አንድ ቀን ላስቃት ብዬ የመጽሐፉን ሕግ ነገርኳት። ፊዚክስ ጀሪካን ተሸክመሽ ሜዳ ለሜዳ ብትሄጂ ሥራ ሠራሽ አይልም፣ ቦኖው ጋ ተሸክመሽ ብትቆሚም እንዲሁ፤ የስበትን ሥራ የሚቆጥረው ወደ ላይ ስትወጪ ብቻ ነው አልኳት። ቆም ብላ አየችኝና «ይኼን የጻፈው ወንድ ነው» አለች። ሳቅን። ሌላም ነገር ነገርኳት፦ በእንሰቱ መሃል በአቋራጩ ብትወጪም፣ በመኪናው መንገድ ዞረሽ ብትወጪም፣ ውሃው ላይ የሚከማቸው ጉልበት አንድ ነው፤ የሚታየው ቁመቱ ነው እንጂ መንገዱ አይደለም። እሱን አልወደደችውም። «ለውሃው አንድ ይሁን፤ ለእኔስ?» አለች። መጽሐፉ ስለ ተሸካሚው ምንም አይልም።

የወደቀችው መስቀል ሲቃረብ ነው። እንግዳ ይመጣል ብላ የላይኛውን ፎቅ ወለል ስታጥብ፣ የቆሸሸውን ውሃ ልትደፋ ወጥታ፣ እርጥቡ ሴራሚክ ላይ እግሯ ከዳት። ወደ ፎቁ የሚያወጣው ደረጃ ከውጭ በኩል ነበር፤ የእጅ መደገፊያው ብረት «በሚቀጥለው ዓመት» ተብሎ ቀርቷል። ብረት ነጋዴ ነው ቤቱን የሠራው፤ ይህን ልብ በሉልኝ። የምትይዘው አጥታ እስከ ታች ወረደች። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ ይላል ሰው። እናቴ አልጠገበችም፣ አልዘለለችም፤ ወለል እያጠበች ነበር። ዳሌዋ ተሰበረ።

ክፍል ውስጥ እያለሁ ነው ጎረቤታችን ሰው የላከችብኝ። ሰሌዳው ላይ ምን እየጻፍኩ እንደነበር ሰው ቢጠይቀኝ አላስታውስም። እዚህ ሆስፒታል ታይታ ወደ አዲስ አበባ ተላከች፤ ታክማም በመስቀል ሰሞን ተመለሰች። መራመድ ግን ቀረ። ወንድሞቼ ገንዘብ አልሰሰቱም፤ ስለዚያ ማንንም አላማም። ጥፋቱ የመጣው አገር ቤት ስትመለስ ነው። እኔ አሮጌው ቤት ይከፈት፣ ግርጌው ላይ፣ ሰው በሚያልፍበት ትተኛ አልኩ። ታላቅ ወንድሜ እጁን አወናጨፈ።

«ፎቅ ሠርተው እናታቸውን ጭቃ ቤት አስተኟት ይበሉን? ላይ ፀሐይ አለ፣ አየር አለ፣ መጸዳጃው እዚያው ነው።»

«መጸዳጃው ውሃ የለውም፣ ጋሼ።»

«ይስተካከላል።»

ምድር ቤቱ ለእንግዳ የተዘጋጀ ሳሎን ነበር፤ ሶፋው ላይ ላስቲኩ እንኳ አልተነሳም። ስለዚህ እናቴን የሠፈር ጎረምሶች ከነወንበሯ ተሸክመው ፎቅ አወጧት። መስቀል ነበርና ወንድ ሞልቷል። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ ሁለቱ ከጎን ሆነው በአንዴ ብድግ ሲያደርጓት «በርቱ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። እኔ ደረጃው ሥር ቆሜ አያለሁ። ያን ሁሉ ጉልበት እናቴ ውስጥ እያስቀመጡ ነው ስል አሰብኩ፤ አስተማሪ መሆን አንዳንዴ በሽታ ነው። በዓሉ አለፈ፣ ወንዶቹ ሄዱ፣ እሷ እዚያ ቀረች።

ከዚያ የጀመረውን ዓመት እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። ከመኝታዋ በመስኮት የሚታያት የአሮጌው ቤቷ ቆርቆሮና የእንሰቱ ጫፍ ነበር። የሚያልፍ ሰው ጭንቅላት ይታያታል፤ ድምፅ ግን አይደርስም። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤቶቿ እየወጡ ይጠይቋት ነበር። የእሷ እኩዮች ናቸው፤ ደረጃው ያስፈራቸዋል፣ መደገፊያ የለውም፤ ቀስ በቀስ አንድ በአንድ ቀሩ። አልፈርድባቸውም። እናቴ ወደቀች ሲባል ሰምተዋል።

ለተማሪዎቼ ስለ ከፍታ ሳስተምር ዜሮው የት እንደሆነ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ እላለሁ። ከጠረጴዛው ብትለኩም፣ ከወለሉ ብትለኩም ትችላላችሁ፤ ብቻ ከየት እንደምትለኩ ተናገሩ። ወንድሞቼ የሚለኩት ከአስፋልቱ ነበር፤ ከዚያ ሲያዩት እናታቸው ከፍ ብላለች። የእናቴ ዜሮ ታች ነበር፤ በበሯና በቦኖው መካከል። ከዚያ ስትለኩት ምን ያህል እንደራቀች የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ጠዋት ጠዋት ጀሪካኑን ይዤ የምወጣው እኔ ነኝና።

«አውርጂኝ» አለችኝ አንድ ቀን።

«ምን ታደርጊያለሽ ታች?»

«ሰው ሲያልፍ እሰማለሁ።»

ጎረቤታችንን ጠርቼ ሁለት ሆነን ሞከርን። ወንበር ላይ አስቀመጥናት፣ በነጠላ አሰርናት። እኔ ከታች በኩል ጀርባዬን ለባዶው ሰጥቼ፣ ጎረቤታችን ከላይ ይዛ፣ የመጀመሪያውን ደረጃ ወረድን። በመጽሐፉ መውረድ ነጻ ነው። ስበት ራሱ ይስባል፣ ድካም የለበትም ብዬ ለስንት ልጅ አስተምሬያለሁ! ያ ለድንጋይ ነው። ሰውን ቀስ አድርጎ ማውረድ ግን ስበት የሚስበውን ያህል እየያዙ፣ በየደረጃው ትንሽ ትንሽ እየለቀቁ ነው፤ ስበት ደግሞ አይታክተውም፣ ክንድ ይታክተዋል። ወንበሩ ዘመም ሲል እናቴ ዳሌዋን ይዛ ጮኸች። ጎረቤታችን «ወይኔ እመቤቴ!» አለች። እንዴት አድርገን ወደ ላይ እንደመለስናት አላውቅም። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና «ይቅር፣ ይቅር፣ አትድከሙ» አለች። ያን ቀን አለቀስኩ፤ ከንዴት ብዛት።

የዕድራችንን ዳኛ ቤታቸው ሄጄ ለመንኳቸው። አራት ጠንካራ ወንድ ብቻ፣ ለትንሽ ጊዜ፤ የአሮጌውን ቤት በርም ሰብረን እንከፍታለን አልኳቸው። ሰውየው ደግ ናቸው። ግን «ልጄ፣ ወንዶቹ ልጆቿ ሳይፈቅዱ እኛ ምን ብለን እንገባለን? ነገ ለመስቀል ሲመጡ በምን ዓይናችን እናያቸዋለን?» አሉኝ። ለወንድሜ ደወልኩ። «ለመስቀል ስንመጣ ራሳችን እናወርዳታለን» አለ። እውነትም ሲናገር ቁርጥ አድርጎ ነበር። ለእናቴ ስነግራት «እሱ ከተናገረ ያደርጋል» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ መስቀልን ትጠብቅ ጀመር።

መስቀል መጣ። ጠዋት ፀጉሯን እንዳበጥርላት ጠየቀችኝ፤ አዲሱን ነጠላ አለበስኳት። መኪኖቹ ደረሱ፣ ቦቴው ውሃውን ገፋ፣ ታንከሩ ሞላ። እንግዳው በየተራ ፎቅ እየወጣ ጉልበቷን ሳመ፤ እሷም መረቀች፣ መረቀች፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ መረቀች። ምሳ ሊቀርብ ሲል ወንድሜን እጁን ይዛ «አሁን አውርዱኝ» አለችው።

«ነገ፣ እማ። ዛሬ ሰው በዝቷል።»

በማግስቱ ደግሞ የአማቾቹ ተራ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወንዶቹ ክትፎውን በልተው ከበድ ብሏቸው ዋሉ። ወንድሜ መኪናውን ሲያስነሳ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«እማን ሳታወርዳት ልትሄድ ነው?»

«አንቺ ደግሞ! ደረጃው መደገፊያ የለውም፤ ብትወድቅብንስ? መጀመሪያ እሱን ላሠራው።»

«ማን ነው ያላሠራው?»

«በበዓል ቀን አትጨቅጭቂኝ፤ የልጆቹ ትምህርት ተጀምሯል» አለና ሄደ። ታናሻችን ከጎኑ ተቀምጦ ነበር፤ መሬት መሬት ያያል። ቀና ብል እናቴ በመስኮቱ እያየች ነው። ስወጣ ነጠላውን አውልቃ አጣጥፋዋለች።

ከዚያ በኋላ አውርዱኝ ብላ አታውቅም። መስኮቱን ዝጊው ትለኝ ጀመር። እህል ቀነሰች። ሐኪም አምጥቼ አሳየኋት፤ ሐኪሙ የሚያውቀውን ያህል ተናገረ፤ እኔ የማውቀውን አላወቀም። በሁዳዴ ጾም፣ አንድ ጠዋት ውሃዋን ይዤ ስወጣ አርፋ አገኘኋት። ጀሪካኑን አላስቀመጥኩትም፤ እንደያዝኩት ለረጅም ጊዜ ቆምኩ።

ወንድሞቼ ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ደረሱ። እንደዚያ ቀን ያን መንገድ በፍጥነት መጥተው አያውቁም። ወንድ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ግቢው ጢም አለ። ዕድሩ መጣ፣ ጎረቤት መጣ፣ ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣው ብቻ ፎቁን ይሞላዋል። ሬሳዋን በነጭ ጨርቅ ገንዘው በቃሬዛ አደረጓት። የሚያወርዳት ሰው አልጠፋም፤ እንዲያውም ተሻሙ። አንዱ «እኔ ልያዝ» ሲል ሌላው «አንተ ቆይ» ይለዋል። አንድ ሰው ከፊት ፊቱን ወደ እሷ መልሶ፣ ደረጃውን በእግሩ እየዳሰሰ የኋሊት ይወርዳል። ሌሎች መደገፊያው ሊኖርበት በሚገባው በኩል፣ እንዳይወድቅ ብለው ከታች እስከ ላይ ተደርድረው በትከሻቸው አጥር ሠሩ። ይህም ይቻል ኖሯል። ታላቅ ወንድሜ በእግሯ በኩል ይዞ እያለቀሰ «ቀስ በሉ፣ ቀስ፣ እንዳትጎዷት» ይላል። ቀስ አሉ። አንዴ እንኳ አላዘነበሏትም፤ እኔ ያስተማርኳቸው ይመስል ትንሽ ትንሽ እየለቀቁ፣ እየያዙ አወረዷት።

ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ ላይኛው ግቢ ሊተከል ተጀምሮ ነበር። ወንድሜ ቀና ብሎ ዳገቱንና ደረጃውን አየ። ሽማግሌዎቹንና አሮጊቶቹን አየ። የዕድሩን ዳኛ ጠጋ ብሎ «ለቅሶው ታች ይሁን» አላቸው። «ትልልቅ ሰዎች ይቸገራሉ፤ ይኼን ሁሉ መውጣት ይከብዳቸዋል።» ከዚያም ኪሱን ዳብሶ የአሮጌውን ቤት ቁልፍ አወጣ።

ጎረምሶቹ ሲሚንቶውን በአፍታ አወጡት። ወለሉ ተጠረገ፣ ውሃ ከቦኖው መጣ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። የእናቴ መደብ እንደነበረ ነው። የሚያልፍ ሰው ድምፅ እስከ ውስጥ ይሰማል። ወንድሜ መደቡ ላይ ቁጭ ብሎ ለቅሶተኛ ይቀበል ጀመር፤ እየገባ የሚቀመጠውም ሁሉ እግሩን ዘርግቶ «እዚህ ይሻላል» ይል ነበር።